ጋርዴኒያ በከፊል ጥላ፦ ከሦስት ዓመት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት የጋርዴኒያ ችግኞች ገዛሁ። በየማሰሯቸው ላይ በተሰካችው ትንሽ የፕላስቲክ ካርድ ላይ፣ ከአበባው ሥዕል በታች፣ አራት ነገር ብቻ ተጽፎ ነበር፦ ዘወትር አረንጓዴ፣ ነጭ አበባ፣ ጥሩ መዓዛ፣ ለከፊል ጥላ ተስማሚ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ያለ ምንም ማብራሪያ እውነት ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። አራተኛው ሐሰት ባይሆንም ብቻውን ሲነበብ ያሳስታል፤ አንዱን ችግኝ አንድ ሙሉ ዓመት ያለ አበባ ያስቆየብኝ ይኸው ሐረግ ነው፤ ሁለተኛውን ሊያሳጣኝ የደረሰው ደግሞ ካርዱ ጨርሶ ያላነሳው የአፈር ጉዳይ ነው። ይህን የምጽፈው የአትክልት ቦታቸው የቀኑን የተወሰነ ሰዓት ብቻ ፀሐይ የሚያገኝ ሰዎች ተክሉን ከመግዛታቸው በፊት ምን እንደሚጠብቃቸው እንዲያውቁ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ለከፊል ጥላ ተብለው ከሚሸጡትና እኔ ከሞከርኳቸው ቅጠላቸው የማይረግፍ ቁጥቋጦዎች ሁሉ ጋርዴኒያን የሚስተካከል አላገኘሁም፤ ነገር ግን ጥላው በየትኛው ሰዓት እንደሚያርፍና አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳያጣራ ለሚተክል ሰው አልመክረውም።

ስለ ተክሉ ማንነት ጥቂት ማወቅ አያያዙን ለመረዳት ስለሚያግዝ ከዚያ እጀምራለሁ። ጋርዴኒያ የሚለው ስም የአትክልት ቦታ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ስሙ ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አሜሪካ በቻርልስተን ከተማ በሐኪምነት ይሠራ ለነበረውና የዕፅዋትና የእንስሳት ናሙና በመሰብሰብ ለታወቀው ስኮትላንዳዊ፣ ለአሌክሳንደር ጋርደን መታሰቢያ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሸጠውን ዝርያ ጆን ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1761 ጋርዴኒያ ጃስሚኖይደስ ብሎ ሰየመው፤ ጃስሚን የሚመስል ማለት ነው። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ተክሉ ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ የመጣ መስሏቸው የኬፕ ጃስሚን ይሉት ነበር፤ የተክሉ መገኛ ግን ምሥራቅ እስያ ነው፤ ከጃስሚንም ጋር ዝምድና የለውም። ዘመዱ ቡና ነው፤ ሁለቱም ሩቢያሲ በሚባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። የቡናን ተክል በቅርብ ያየ ሰው የጋርዴኒያን ቅጠል ሲነካ ዝምድናው ወዲያው ይገባዋል፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጅማቶቹ ጎድጎድ ያሉ፣ ከአንጓው ላይ ፊት ለፊት እየተያየ የሚወጣ ቅጠል ነው፤ አበባውም እንደ ቡና አበባ ነጭና ባለ መዓዛ ነው። ዝምድናው ስለ አያያዙም ፍንጭ ይሰጣል። ቡና በተፈጥሮው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ውስጥ እንደሚያድግ ሁሉ ጋርዴኒያም የቀትር ፀሐይ ሲበረታበት አይወድም፤ አፈሩም ቅጠል የበሰበሰበት፣ አሲዳማ፣ እርጥበት የሚይዝ ነገር ግን ውሃ የማይተኛበት እንዲሆን ይፈልጋል።

ይህን ዝምድና ስለማውቅ የመጀመሪያውን ችግኝ ያለ ብዙ ማመንታት ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ከግንዱ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አድርጌ ተከልሁት። በዛፉ ቅጠሎች መካከል ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን ቀኑን ሙሉ መሬቱ ላይ ነጠብጣብ እየሠራ ይንቀሳቀስ ስለነበር፣ ከፊል ጥላ ማለት ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ተክሉ ለዓይን ደስ ይል ነበር። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ግን ቅርንጫፎቹ ዛፉ ወደማይሸፍነው ሰማይ፣ ወደ አንድ ጎን ብቻ እየተለጠጡ መጡ፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ስገዛው ከነበረው እጥፍ ያህል ሆነ፤ በቅርንጫፎቹም ጫፍ ላይ አንድ እምቡጥ እንኳ አልታየም። ዛሬ ጠጥቶ የዋለ አፈር ነገ ደርቆ ይገኛል። ምክንያቱን ያወቅሁት ዓመት ከቆየ በኋላ ተክሉን ለማዛወር ስቆፍር ነው። እኔ በብስባሽ የሞላሁትን ጉድጓድ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የዛፉ ሥሮች ከየአቅጣጫው ገብተው መረብ ሠርተውበታል፤ አንዱን ጠርዝ ይዤ ሳብ ሳደርገው አፈሩ እንደ ምንጣፍ ቁራጭ ተያይዞ ተነሣ። ለጋርዴኒያው ብዬ ያዘጋጀሁትን ምግብ የበላው፣ ያጠጣሁትንም ውሃ የጠጣው ዛፉ ነበር። የጋርዴኒያ ሥር ወደ ጥልቁ የሚወርድ ሳይሆን ከአፈሩ ገጽ ብዙም ሳይርቅ የሚዘረጋ በመሆኑ ከእንዲህ ዓይነት ተሻሚ ጋር ሊታገል አይችልም። ስለዚህ የዛፍ ጥላ ሁሉ መጥፎ ነው ባልልም፣ ቅርንጫፉ ዝቅ ያለ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሥሩ ላይ ላዩን የሚሄድ ዛፍ ሥር ጋርዴኒያ መትከል ገንዘብንም ድካምንም ማባከን መሆኑን በሙሉ ልቤ እናገራለሁ።

አትክልተኞች ከፊል ጥላ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ3 እስከ 6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ማለታቸው ነው። ይህ መለኪያ የሰዓቱን ብዛት ይናገራል እንጂ የትኛው የቀኑ ክፍል እንደሆነ አይናገርም፤ ለጋርዴኒያ ደግሞ ቁርጡን የሚወስነው ይህ ነው። ከንጋት እስከ ረፋድ ያለው ፀሐይ አየሩ ገና ሳይሞቅ፣ አፈሩም የሌሊቱን እርጥበት እንደያዘ የሚደርስ ስለሆነ ተክሉ ብዙ ውሃ ሳያጣ እምቡጥ ለመያዝ የሚበቃውን ብርሃን ያገኛል። ያንኑ ያህል የሚቆይ ፀሐይ ወደ ከሰዓት በኋላ ሲዛወር ውጤቱ ሌላ ነው፤ አየሩ ግሏል፣ አፈሩ ደርቋል፣ ሥሩ የሚስበው ውሃ ቅጠሉ ከሚያጣው ጋር አይመጣጠንም፤ የቅጠሎቹ ጠርዝ ይቃጠላል፣ እምቡጦችም ይረግፋሉ። በመሆኑም ከሁሉ የሚስማማው ቦታ ከቤት ወይም ከአጥር በስተምሥራቅ ያለው፣ ጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከቀትር በኋላ በሕንፃው ጥላ የሚያርፈው ነው። ቀዝቃዛና ደመና የሚበዛበት አየር ላይ የሚኖር ሰው ግን ለተክሉ ከዚህ የበለጠ ፀሐይ ቢሰጠው አይጎዳበትም፤ ጥላ የሚያስፈልገው ፀሐዩ የሚያቃጥል ሲሆን ነው።

ቦታውን በግምት መምረጥ እንደማያዋጣ ከተረዳሁ በኋላ ያደረግሁት ነገር ቀላል ነው። ሰማዩ በጠራበት አንድ ቀን በየሰዓቱ እየወጣሁ የጥላው ጫፍ የደረሰበትን መሬት በትናንሽ ድንጋዮች ምልክት አደረግሁ፤ ሰዓቱንም በወረቀት ላይ ጻፍሁ። ይህንኑ ከአራት ወር በኋላ ስደግመው፣ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል ብዬ ከመረጥኳቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ ከአጥሩ ጥላ የሚወጣው ረፋዱ ካለፈ በኋላ ሆኖ አገኘሁት፤ የፀሐይ መንገድ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ የአንድ ቀን ልኬት ለዓመት አይበቃም። ከዛፉ ሥር ያወጣሁትን ችግኝ በቀረው ቦታ ላይ ተከልሁት። የመጀመሪያውን ወቅት ዝም ብሎ አሳለፈ፤ በሚቀጥለው ግን ቅርንጫፎቹ አጠር አጠር እያሉ፣ አንጓዎቹም እየተቀራረቡ አደጉ፤ በየጫፉም እምቡጥ ያዘ።

ሁለተኛው ችግኝ የገጠመው ችግር ከብርሃን ጋር አይገናኝም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከቤቱ በስተምሥራቅ፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ባልሞላ ርቀት ላይ ስለተተከለ ብርሃኑ የተሟላለት ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት አበባ ያሳየኝም እሱ ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን ከጫፍ የሚወጡት ለጋ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው መውጣት ጀመሩ፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ስለቀሩ በቢጫ ጨርቅ ላይ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ ይመስል ነበር። ማዳበሪያ ጨመርሁለት፤ ለውጥ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ስመረምረው ቢጫነቱ በግድግዳው በኩል ባሉት ቅርንጫፎች ላይ እንደሚበረታና ወደ ውጭ በኩል እንደሚቀንስ አየሁ። ነገሩ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። ከሲሚንቶና ከልስን ጋር ያለው ኖራ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እየታጠበ ወደ መሠረቱ አፈር ይወርዳል፤ ግንበኞች ጥለውት የሄዱት የልስን ፍርፋሪም ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ ነበር። የአፈሩን ፒኤች፣ ማለትም የአሲዳማነቱን ልክ (7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ ሲያንስ አሲዳማ ይሆናል)፣ በመለኪያ ወረቀት ስፈትሽ 7.5 አካባቢ ሆነ።

ጋርዴኒያ የሚወደው ፒኤች ከ5 እስከ 6 ያለውን ነው። ከ7.5 እስከ 5.5 ያለው ልዩነት በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ይሁንና በፒኤች መለኪያ እያንዳንዱ አንድ ቁጥር አሥር እጥፍ ለውጥ ስለሆነ የሁለት ቁጥር ልዩነት መቶ እጥፍ ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነት አፈር ውስጥ ብረት የሚባለው ንጥረ ነገር ሞልቶ እያለ ሥሩ ሊወስደው በማይችለው መልክ ታስሮ ይቀራል፤ ብረት ያጣ ተክል ደግሞ ለቅጠሉ አረንጓዴነት የሚሰጠውን ክሎሮፊል መሥራት ያቅተዋል። ማዳበሪያ መጨመሬ ያልጠቀመው ለዚህ ነው፤ የጎደለው ምግብ ሳይሆን ምግቡን የሚፈታው አሲድ ነበር። ለጊዜው ኬሌት የተባለውን፣ ሥሩ በቀላሉ ሊወስደው እንዲችል ተደርጎ የተዘጋጀ ብረት በውሃ በጥብጬ ሰጠሁት፤ ከዚያ በኋላ የወጡት ቅጠሎች አረንጓዴ ሆኑ። ድኝ በአፈር ላይ መጨመርም ይረዳል፤ ግን ድኙን ወደ አሲድ የሚለውጡት በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ሥራው ወራት ይወስዳል፤ ፈጥኖ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ተስፋ ቆርጦ መጠኑን በመደራረብ ሥሩን ሊያቃጥል ይችላል። እኔ ዘላቂ ሆኖ ያገኘሁት መፍትሔ ተክሉን ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል አርቄ፣ በደንብ በተብላላ የቅጠል ብስባሽ በተደባለቀ አፈር ላይ እንደገና መትከል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጥ አንድ ምክር ማንሳት ይኖርብኛል። ጋርዴኒያ አሲዳማ አፈር ስለሚወድ የቡና አተላ ይጨመርለት ይባላል፤ ከዘመዱ የመጣ በመሆኑም ምክሩ ደስ ይላል። ነገር ግን ቡና ሲፈላ አሲዱ አብዛኛው ወደ ውሃው ስለሚወጣ የሚቀረው አተላ ወደ ገለልተኛ የተጠጋ ነው። አተላው ከሌላ ብስባሽ ጋር ሲቀላቀል አፈሩን ያለሰልሳል፤ የአፈሩን ፒኤች ያወርዳል ብሎ በእሱ መተማመን ግን አያዋጣም፤ በወፍራሙ ሲነሰነስም ደርቆ እንደ ቅርፊት ስለሚጠነክር ውሃ አያሳልፍም። ከዚህ ይልቅ ትልቅ ለውጥ ያየሁት በሚጠጣው ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ኖራ የሚበዛበት ከሆነ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ አፈሩን ወደማይፈለገው አቅጣጫ ይመልሰዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ የሚተው ውሃ እንዲህ ያለው ነው። ከጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በበርሜል እያጠራቀምሁ ለጋርዴኒያዎቹ ብቻ ማዋል ከጀመርሁ ወዲህ ኬሌት የሰጠሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቢጫ ቅጠል ሁሉ ግን የብረት እጥረት አይደለም። ከታች ያሉ ያረጁ ቅጠሎች አዲስ ቅጠል በሚወጣበት ወቅት አንድ በአንድ ቢጫ ሆነው ቢረግፉ የተክሉ ጠባይ ነው፤ ቅጠሉ የማይረግፍ ይባል እንጂ እያንዳንዱ ቅጠል ዘላለም አይኖርም። የታችኞቹ ቅጠሎች በጅማቶቻቸው መካከል ሲነጡ የማግኒዥየም፣ ተክሉ በሙሉ ሲገረጣ ደግሞ የናይትሮጅን ማነስ ሊሆን ይችላል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከጠወለገና ቢጫ ከሆነ ሥሩ ውሃ በዝቶበት እየበሰበሰ ነውና ተጨማሪ ውሃ መስጠት ይገድለዋል።

በዚህ ተክል ላይ ካሉኝ ቅሬታዎች ሁሉ የሚበልጠው የእምቡጥ መርገፍ ነው። ጋርዴኒያ እምቡጥ የሚይዘው አበባው ከመፈንዳቱ ከብዙ ሳምንታት በፊት ነው፤ እምቡጡ እንደ ተጠቀለለ ጃንጥላ በራሱ ላይ ተጠምዝዞ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ ቀስ በቀስ እየወፈረ ይቆያል፤ በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ አንድ ነገር ከተዛባ ተክሉ መጀመሪያ የሚጥለው እሱን ነው። በሁለተኛው ዓመት ከግድግዳው አጠገብ በነበረው ተክል ላይ 34 እምቡጥ ቆጥሬ ነበር። ለአሥር ቀን ከቤት ርቄ ስመለስ አየሩ ደርቆ፣ አፈሩም ተሰነጣጥቆ ጠበቀኝ፤ እንደ ደረስሁ አጠጣሁት። በሚቀጥሉት ቀናት እምቡጦቹ አንገታቸው ላይ ቢጫ እየሆኑ፣ በጣት ሲነኩ ብቻ እየወደቁ፣ አበባ ለመሆን የበቁት 11 ብቻ ሆኑ። መድረቁ ብቻ ሳይሆን ከደረቀ በኋላ በአንዴ በውሃ መጥለቅለቁም እንደጎዳው ተገንዝቤአለሁ። የሌሊት ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ሌሊቱ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን እምቡጥ በደንብ ይይዛል፤ ሌሊቱ ሲሞቅ ግን ተክሉ ቅጠል እያበዛ እምቡጥ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የሰው እጅ ብዙም አያደርግም። ማድረግ የሚቻለው እርጥበቱን ወጥ ማድረግ ነው። ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገብቼ ደረቅ ሆኖ ሲሰማኝ ብቻ፣ ሥሩ ድረስ እንዲዘልቅ ቀስ እያልሁ አጠጣለሁ፤ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌም ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቀ ቅጠልና የእንጨት ፍቅፋቂ እጎዘጉዝበታለሁ። በጉዝጓዙ ሥር ያለው አፈር ቀትር ላይ ሲነካ ቀዝቃዛ ነው። በሦስተኛው ዓመት የረገፉት እምቡጦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

የፈነዳው አበባ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያስረሳል። ማታ ጫፉ ነጣ ብሎ የታየ እምቡጥ ጠዋት ተፈትቶ ይገኛል፤ የአበባው ቅጠሎች ወፍራም፣ ሰም የተቀቡ የሚመስሉ፣ በጥልቀታቸው ትንሽ አረንጓዴ ጥላ ያለባቸው ናቸው። መዓዛው ቀን ለስለስ ብሎ ይቆይና ሲመሽ ይበረታል፤ በተፈጥሮ የሚጎበኙት በሌሊት የሚበሩ የእሳት ራቶች መሆናቸው ይህን ያስረዳል። ጣፋጭና ከባድ ሽታ ስለሆነ መስኮት ከፍቶ ለሚተኛ ሰው ከመኝታ ክፍል ሥር መትከሉን አልመክርም፤ በረንዳ አጠገብ ግን ቦታውን ያገኘ ነው። ጉድለቱን ደግሞ አልሸሽግም። እያንዳንዱ አበባ በንጹሕ ነጭነቱ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ የቅቤ ቀለም ይይዛል፣ ቀጥሎም ቡናማ ይሆናል፤ ቡናማ ከሆነም በኋላ በራሱ ሳይወድቅ ተጣብቆ ስለሚቀር በየሁለት ቀኑ እየቆረጡ ማስወገድ ያስፈልጋል። አበባውን በእጅ መንካትም ሆነ ከላይ ውሃ ማርከፍከፍ ቡናማ ነጠብጣብ ያሳርፍበታል።

ከተባይ በኩል ነጭ ዝንብ፣ ክሽክሽና ሚሊባግ የተባለው ነጭ ዱቄት የለበሰ የሚመስል ነፍሳት ይወዱታል፤ በተለይ ጥላው ጥቅጥቅ ብሎ አየር የማይዘዋወርበት ቦታ ላይ ነጭ ዝንብ ይበዛል። ቅጠሉ ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ በላዩም ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ሲታይ፣ ወይም ጉንዳን በግንዱ ላይ ሲመላለስ የቅጠሎቹን ጀርባ ገልብጦ ማየት ይገባል። ለስላሳ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ በቅጠሎቹ ጀርባ ላይ በየሳምንቱ ለተወሰነ ጊዜ መርጨት ለእኔ በቂ ሆኖልኛል። ውሻ ወይም ድመት ያለው ሰው ተክሉን ሲያኝኩ ሆዳቸውን ሊያውካቸው እንደሚችል ይወቅ። መከርከም ካስፈለገ አበባው እንዳበቃ ወዲያው ነው፤ ዘግይቶ የሚከረክም ሰው የሚቀጥለውን ዙር እምቡጥ አብሮ ይቆርጣል። ማዳበሪያ የሚሰጠው ተክሉ አዲስ ቅጠል በሚያወጣባቸው ወራት፣ ለአሲድ ወዳድ ተክሎች ተብሎ ከተዘጋጀው፣ በትንሽ መጠን ነው።

ከዝርያዎቹ መካከል ምርጫ ያለው ሰው በስሙ ይጠይቅ፤ ብዙ ሻጮች ሁሉንም በደፈናው ጋርዴኒያ ብለው ይሸጣሉ። ኦገስት ቢዩቲ የሚባለው ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግ፣ አበባው ድርብ የሆነና ለረጅም ጊዜ የሚያብብ ነው። ሚስትሪ በአበባው ትልቅነት ይታወቃል። ራዲካንስ ከ60 ሳንቲ ሜትር እምብዛም ሳያልፍ ወደ ጎን ስለሚዘረጋ ለመንገድ ዳርና ለማሰሮ ይሆናል። ክላይምስ ሃርዲ ብርድ በመቋቋም የታወቀ ሲሆን አበባው ነጠላ ነው። እኔ ድርቡን ብመርጥም ነጠላው የራሱ ጥቅም አለው፤ ድርብ አበቦች አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ አይሰጡም፤ ነጠላው ግን ጎን ለጎን ሸንተረር ያለው ብርቱካናማ ፍሬ ያፈራል። በዚህ ፍሬ ውስጥ ያለው ክሮሲን የተባለ ቀለም ሳፍሮን የተባለውን ቅመም ቢጫ የሚያደርገው ያው ቀለም ነው፤ በምሥራቅ እስያም ከጥንት ጀምሮ ለማቅለሚያ ሲያገለግል ኖሯል።

ችግኞቹን የገዛሁበትን መሸጫ በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሁለቱም በአበባ ተሸፍነው ነበር የተሰጡኝ፤ እኔም በአበባው ተማርኬ ሌላውን አላየሁም። ቤት ወስጄ ከማሰሮው ሳወጣቸው ሥሮቻቸው ቦታ አጥተው በማሰሮው ግድግዳ ዙሪያ ተጠምዝዘዋል፤ ከታችም የማሰሮውን ቅርጽ የያዘ ጠንካራ ቀለበት ሠርተዋል። እንዲህ ያለው ሥር ሳይፈታ ከተተከለ ለረጅም ጊዜ ወደ አዲሱ አፈር ሳይዘልቅ ይቆያል፤ እኔ ጎን ለጎኑን በቢላ ቁልቁል በሦስት ቦታ ቆርጬ፣ ታችኛውንም በጣቴ አፍታትቼ ነው የተከልኳቸው። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ችግኙን ከማሰሮው ወጣ አድርገው እንዲያሳዩት ይጠይቅ፤ ሥሩ ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚያደላ፣ አፈሩን ያቀፈ ግን ያልተጠማዘዘ ይሁን። ከፈነዳ አበባ ይልቅ ለጋ ቅጠሉ እኩል አረንጓዴ የሆነውን ይምረጥ፤ እምቡጥ የሞላበት ችግኝ በጉዞና በመተከል ድንጋጤ አብዛኛውን ሊያራግፍ ይችላል። ሲተከልም ጉድጓዱ ከሥሩ ስፋት እጥፍ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ አይብለጥ፤ የሥሩ የላይኛው ጫፍ ከመሬቱ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቢታይ ይሻላል፤ አፈሩ ሲረጋ ይወርዳል።

የግቢው አፈር ኖራ የበዛበት ሰው፣ ወይም ለመትከል የሚሆነው መሬቱ ብርሃን የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ብቻ የሆነ ሰው ተክሉን መሬት ላይ ከመትከል ይልቅ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር አፍ ባለው፣ ከሥሩ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ባለው ማሰሮ ውስጥ ቢያሳድገው ይሻለዋል። በማሰሮ ውስጥ አፈሩን ራሱ ይወስናል፤ የጠዋቱ ፀሐይ ከወቅት ወቅት ቦታ ሲቀይርም ማሰሮውን አንስቶ ይከተለዋል። ውሃውን ግን ከመሬቱ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ማየት ይኖርበታል፤ በሞቃት ቀናት የማሰሮ አፈር በአንድ ቀን ውስጥ ሊደርቅ ይችላል።